ሱፍ የማይቆረጠምበት ፊልም

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተነጋግረው የመጡ ይመስላሉ። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ፣ ከባቲ። ሁሉም ስለ ፊልም። ያውም ተኩስ ስለሌለበት፣ ጸጥ ስላለ ሳይፋይ (የሳይንስ ልቦለድ ፊልም)። ምን እንደነካችሁ አላውቅም፣ ግን ደስ ብሎኛል፤ ባለፈው ወር ስለ ስልክ ባትሪ ስመልስ ነው የከረምኩት። ስለ ፊልም የምጠቅሰው ዓመተ ምህረት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ላይ አሥር የምንሆን ልጆች ነን። በወር አንዴ አዳራሽ ለምነን ፊልም እናሳያለን። እስካሁን ድብድብ በድብድብ ነበር። አሁን ጸጥ ያለ፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያስብበት ሳይፋይ መጀመር ፈልገናል። እንዲሁም እንደ ድሮው ከፊልም ጥቅል፣ በማሽን ቢሆን ብለን ተመኘን። ጥቅሉን ከየት እናገኛለን? ምንስ እናሳይ? (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ መጥፎውን አስቀድሜ ልንገራችሁና እንገላገል። ጥቅሉን አታገኙትም። እኔም ብፈልግ አላገኘውም። ፉጂፊልም የሲኒማ ጥሬ ፊልም ማምረቱን በ2013 አቆመ። ኮዳክ በ2012 መጀመሪያ ኪሳራ ውስጥ ገብቶ እንደ ምንም ተርፎ ነው ዛሬም የሚያመርተው። ትልልቆቹ የአሜሪካ ስቱዲዮዎችም በዚያው ሰሞን አዲስ ፊልም በ35 ሚሊ ሜትር (የሲኒማ ቤት ፊልም ወርድ ነው) ኮፒ ማከፋፈሉን እየተዉ ወደ ዲጂታል ዞሩ። የቀረው የድሮ ኮፒ ነው። እሱ ደግሞ በታየ ቁጥር ይጫራል፣ ይበጠሳል፣ ሲቀጠል ያጥራል። በምትኩ አዲስ ማተም ብርቅ ስለሆነ፣ የያዙት ቤተ መዛግብት የሚያበድሩት ሁለት ማሽንና የሠለጠነ ሰው ላለው ቤት ብቻ ነው። እናንተ አንድም ማሽን የላችሁም። ተሳሳትኩ?

እሺ ተገኘ እንበል። ሶላሪስን ውሰዱ፣ የሩስያዊው ዳይሬክተር የአንድሬ ታርኮቭስኪ፣ 1972፣ ወደ 165 ደቂቃ ገደማ። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚሄደው፣ በደቂቃ 27 ሜትር ከምናምን ያልፋል። አስሉት፤ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ፊልም ይመጣል። ክብደቱ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ይሄ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ሆኖ ጣርማ በርን ሲያቋርጥ፣ ረዳቱ ደግሞ የሽንኩርት ጆንያ ሲጭንበት ታየኝ።

ስለዚህ አብሽሩ፣ በፋይል አሳዩ። በደህና ፕሮጀክተር፣ በጨለመ ክፍል ማንም አይከፋም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ማስታወቂያ ላይ «በኦሪጅናል ፊልም» ብላችሁ እንዳትለጥፉ። አንድ አዳራሽ እንዲህ ብሎ ጠርቶን ሄደን ዲቪዲ ሆኖ አገኘነው። ያውም መሀል ላይ የሚንተባተብ። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ምን እናሳይ ላላችሁት፣ በሶላሪስ አትጀምሩ። ከድብድብ የመጣ ሰው እዚያ ላይ ያልቅበታል። በአጭር ጀምሩ። የኬንያዋ ዋኑሪ ካሂዩ በ2009 የሠራችው ፑምዚ የሚባል አለ፣ 21 ደቂቃ ገደማ፣ ንግግሩ በጣት የሚቆጠር። ስሙ በስዋሂሊ እስትንፋስ ማለት ነው። በውሃ ምክንያት ጦርነት ተደርጎ ምድር ደርቃለች፤ የተረፉት ሰዎች በተዘጋ ከተማ ውስጥ ላባቸውን ሳይቀር አጣርተው ይጠጣሉ። አንዲት ሴት አንድ ጭብጥ የማትሞላ እርጥብ አፈር ይደርሳታል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እዩት። ለወሎ ሰው ይሄ ሳይፋይ ነው ብላችሁ አታብራሩ። የ66ን ድርቅ ከእናቱ አፍ የሰማ ሰው ያቺን ውሃ እንዴት እንደምታያት ያውቃል።

ከሱ ጋር ክራምብስን ደርቡ፣ 2015፣ 68 ደቂቃ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፣ ቋንቋው ግን አማርኛ ነው፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተውም ዳንኤል ታደሰ ነው። ዓለም ካለቀች በኋላ ያለ ታሪክ፤ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ መርከብ፣ የዳሎል መሬት፣ እንደ ቅርስ የሚታይ የልጆች ፕላስቲክ አሻንጉሊት። ሁለቱ ተደምረው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ተመልካቻችሁ «እንዴ፣ ሳይፋይ በአማርኛም ይሆናል?» ብሎ ይወጣል። ለመጀመሪያ ወር ይሄ ይበቃል።

ቀጥላችሁ የስታንሊ ኩብሪክን «2001 ኤ ስፔስ ኦዲሲ» አሳዩ፣ የ1968 ነው። መጀመሪያ ላይ ለ25 ደቂቃ ገደማ አንድ ቃል አይነገርም፤ ዝንጀሮ የሚመስሉ ፍጡሮችና አጥንት ብቻ። ሰው ግን አይወጣም፣ ምክንያቱም የሚያየው አለው። ሶላሪስ በሦስተኛው ወር ይድረስ። ጠፈር ላይ ነው ግን ስለ ሮኬት አይደለም። አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባሕር ፕላኔት በላይ ወዳለ ጣቢያ ይሄዳል፤ የሞተች ሚስቱ እዚያ ትመጣበታለች። ትዝታን በቅኝት ለሚያውቅ አገር ምኑን አስረዳለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቁ። መኪና በቶኪዮ መንገዶች ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ የሚነዳበት ቦታ አለ። ሰው ወደ ሽንት ቤት የሚነሳው እዚያ ነው። አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ «አሁን ረጅም መንዳት አለ፣ ታገሱ» ማለት ምንም ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ የአያታችንን ቤት ስናፈርስ አራት ክብ የቆርቆሮ ጣሳ አገኘን። ውስጡ ፊልም ነው። ሲከፈት የአቼቶ ሽታ አፍንጫ ይበጥሳል። ወንድሜ በስልክ መብራት አስጠግቶ ሲያየው ሰዎች ይታያሉ አለ። እንሽጠው፣ እንጣለው ወይስ እናሳየው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ አትጣዪው። ማሽን ውስጥም አታስገቢው። ከሦስቱም የባሰው እሱ ነው፤ የደረቀ ፊልም ጥርስ ሲይዘው ይበጣጠሳል፣ መብራቱ ፊት ከቆመ ደግሞ ይቀልጣል። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ የአክተሩ ፊት መሀሉ ቡናማ ሆኖ እየሰፋ ሲበላው አይቻለሁ። ሕዝቡ ሲያፏጭ እኔ የፊልሙ ታሪክ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የፊልሙን ጠርዝ በብርሃን እይ። በእንግሊዝኛ «ሴፍቲ» የሚል ትንንሽ ጽሑፍ ካለው በቀላሉ የሚነድ ዓይነት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አሴቴት የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ከሌለውና በጣም አሮጌ ከሆነ ግን ናይትሬት የሚባለው፣ በቀላሉ የሚነደው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ኮዳክ ያንን ማምረት ያቆመው በ1951 ነው። ናይትሬት አንዴ ከተነሳ ውሃ ውስጥ እንኳ ይነዳል። በክብሪት እሞክረዋለሁ የሚል ጎረቤት ከመጣ ቡና አጠጪና ሸኚው።

የአንቺ ግን ሽታው ራሱ ተናግሯል። አቼቶ የሸተተው አሴቴቱ እየተበላሸ አሲድ ስለሚለቅ ነው። አሲዱ ደግሞ መበላሸቱን ያፋጥነዋል፤ ራሱን በራሱ የሚበላ ነገር ነው። ወደ ኋላ የሚመልሰው የለም፣ የሚያዘገየው ግን አለ። ቅዝቃዜና ደረቅ አየር። ኮምቦልቻ ለዚህ ሞቃት ናት። ደሴ ዘመድ አለሽ? 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ጦሳ ሥር የምትበርድ ከተማ ለጉልበት ባትመችም ለፊልም ትመቻለች። ጣሳው የዛገ ከሆነ በንጹሕ ካርቶን ለውጪው፣ ጥርቅም አድርገሽ በፌስታል አትጠቅልዪው፣ ይተንፍስ። አንዱ ብቻ ከሸተተ ከሌሎቹ ለይው፣ ይጋባል።

ከዚያ በማስመሪያ ወርዱን ለኪ። 35 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከሲኒማ የወጣ ሳይሆን አይቀርም፣ 16 ከሆነ የትምህርት ወይ የዜና ሊሆን ይችላል። ይሄን ሁሉ ጽፈሽ፣ ጥቂት ፎቶ አንስተሽ አዲስ አበባ ለወመዘክር፣ ለቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱ፣ አሳዪ። ሰዎች ይታያሉ ካልሽ በኋላ እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኮምቦልቻ መንገድ ላይ የሚሄዱ ሰዎች ቢሆኑስ?

ጥያቄ፦ ስታልከርን አሳየን። 60 ሰው መጣ፣ 11 ቀረ። ከቀሩትም ሁለቱ ተኝተው ነበር። ፊልሙ ነው ወይስ እኛ? (ከወልድያ)

መልስ፦ ፊልሙ አይደለም። በ1979 የተሠራ፣ 160 ደቂቃ የሚሆን፣ ሦስት ሰዎች ምኞት ይፈጸምበታል ወደሚባል ክፍል የሚሄዱበት ታሪክ ነው። ታርኮቭስኪ መጀመሪያ የቀረጸው ነገር በላቦራቶሪ እጥበት ስለተበላሸ አብዛኛውን እንደገና ቀርጾታል። እኔ አንድ ገጽ ጽሑፍ ሲጠፋብኝ ሦስት ቀን አኮርፋለሁ። የታገሠ ሰው ሥራ ስለሆነ የታገሠ ክፍል ይፈልጋል፣ እናንተ ክፍሉን አላዘጋጃችሁም ብዬ ነው የምጠረጥረው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ጄኔሬተሩ የት ነበር? በር ላይ ከሆነ የፊልሙ ግማሽ ጠፍቷል። በዚያ ፊልም ውስጥ ሦስቱ ሰዎች በሐዲድ ጋሪ ሲሄዱ የሚሰማው ቀጭቀጭ ዋናው ነገር ነው፤ እየቆየ ወደ ሌላ ድምፅ ይቀየራል። ውጪ ዱፍ ዱፍ የሚል ሞተር ካለ ማን ይሰማዋል? መብራት ይሄዳል ብላችሁ ከሰጋችሁ ባትሪና ኢንቨርተር ተከራዩ። ያም ካልተገኘ ረጅም ገመድ ስቡና ጄኔሬተሩን ከግንብ ጀርባ አስቀምጡት። ፕሮጀክተር የሚበላው መብራት ብዙ አይደለም።

ጣራው ቆርቆሮ ነው? ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጸጥ ያለ ፊልም አታሳዩ። ቀልድ አይደለም። የወሎ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጎንህ ያለ ሰው የሚያወራህን አትሰማም፣ እንኳን የሩስያ ሹክሹክታ። በክረምት ድብድቡን አሳዩ፣ ጸጥታውን ለበጋ አቆዩት።

ሰዓቱስ? ማታ 1 ሰዓት ከጀመራችሁ ሊያልቅ 4 ሰዓት ሊሆን ነው። ባጃጅ የለም። ሰው ፊልሙን ሳይሆን ወደ ቤቱ የሚሄድበትን ነው የሚያስበው። እሁድ ቀን 7 ሰዓት ይሻላል። ቅዳሴ የሄደው ምሳውን በልቶ፣ ዙህር የሰገደው ሰግዶ ይመጣል፤ 165 ደቂቃ እንኳ ቢሆን ለአስር ሶላት ይወጣሉ። መስኮቱን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ መሸፈን ግን ግድ ነው። ያቺን ያህል ወጪ ቻሏት።

ሱፍ ደግሞ አለ። አቤት ሱፍ! በድብድብ ፊልም ውስጥ ማንም አይሰማውም። በስታልከር ውስጥ አንድ ሰው ሱፍ ሲፈለፍል ግን ቤቱ በሙሉ አብሮት ይፈለፍላል። ቆሎም ያው ነው። ልጆቻችሁን በር ላይ አቁሙና በትሕትና ሰብስቡ፣ በየስማቸው ጽፋችሁ ሲወጡ መልሱላቸው። ለስላሳ ይፈቀድ፣ ቆርኪው ግን ውጪ ይከፈት። ሻይ ከሆነ ደግሞ ስኳሩ ተማስሎ ይግባ፤ የማንኪያ ድምፅ እንዴት እንደሚያናድድ አንድ ቀን ትነግሩኛላችሁ።

ሰው ቢወጣም አትበሳጩ። 11 ሰው ትንሽ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሦስተኛውን ጥቅል ከሁለተኛው አስቀድመው ሲያሳዩ ከአጠገቤ የነበረው ሰውዬ «ይሄ ዳይሬክተር ጥልቅ ነው» ብሎኛል። እኔም ነቅንቄለታለሁ።

ጥያቄ፦ አስተማሪ ነኝ። እዚህ ሰው የለመደው ትርጉም ፊልም ነው፤ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ሁሉን በአማርኛ እያወራ የሚሄድበት። ለጸጥተኛ ፊልም ተርጓሚ ላቁም ወይስ ይቅር? (ከባቲ)

መልስ፦ መምህር፣ የትርጉም ፊልም ተርጓሚዎችን አደንቃለሁ። ስንቱን ሕዝብ በአንድ ድምፅ አዝናኑት። ችግሩ ዝምታን ይፈራሉ። ተዋናዩ መስኮት ላይ ቆሞ ዝም ሲል፣ ተርጓሚው «አሁን ልጁ እያሰበ ነው ጎበዝ» ይላል። አዎ፣ እያሰበ ነው። እኛም እያሰብን ነበር።

ማሲንቆ መቺው ግጥም ሰጪውን የሚጠብቅባትን ክፍተት ያውቋታል አይደል? ሳቁ የሚፈነዳው እኮ ከዚያች በኋላ ነው። መሀሏ ላይ አንድ ሰው ቢያወራባት ግጥሙ ይሞታል። ስለዚህ ለሶላሪስና ለስታልከር ተርጓሚ አይቁም። የአማርኛ ጽሑፍ ከሥር ያስገቡ፤ ተማሪዎችዎ ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ተነስተው ቢተረጉሙት የአንድ ወር የቋንቋ ትምህርት ይወጣዋል። ማንበብ ለሚከብዳቸው ሰዎች ደግሞ ከፊልሙ በፊት አምስት ደቂቃ ታሪኩን ይንገሩ። መጨረሻውን ብቻ ይደብቁ።

አንድ ፊልም ግን ተርጓሚ ይጠይቃል። ላ ጄቴ ይባላል። የፈረንሳዩ ክሪስ ማርከር በ1962 የሠራው፣ 28 ደቂቃ። ከጦርነት በኋላ ከመሬት በታች የሚኖሩ ሰዎች አንዱን እስረኛ በትዝታው በኩል ወደ ኋላ ዘመን ይልኩታል። ፊልሙ በሙሉ ማለት ይቻላል ቀጥ ያለ ፎቶግራፍ ነው፤ የምትንቀሳቀሰው አንዲት ቅጽበት ብቻ ናት፣ ሴትየዋ አልጋ ላይ ዓይኗን ስትገልጥ። ገጸ ባሕርያቱ አይነጋገሩም ማለት ይቻላል፤ አንድ ተራኪ ነው ሁሉን የሚተርከው። ስለዚህ ትረካውን በአማርኛ ተርጉመው፣ ድምፁ ደህና የሆነ ተማሪ ከስክሪኑ ጎን አቁመው በቀጥታ ያስነብቡት። ሴትየዋ ዓይኗን ስትገልጥ ግን ልጁ ዝም ይበል። ቀድመው ያለማምዱት፣ ያቺ ቅጽበት ከተበላሸች ፊልሙ የለም። እኔ ብሆን ለባቲ የምመርጠው ይሄን ነው፤ ሰኞ ሰኞ አገር ሁሉ ገበያ የሚወጣበት ከተማ ውስጥ ለ28 ደቂቃ ፎቶ ማየት ምን እንደሚመስል ማየት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ከቴሌግራም ያወረድነውን ፊልም አዳራሽ ውስጥ ብናሳይ ችግር አለው? ገንዘብ አናስከፍልም። (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ አለው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) ለሕዝብ የማሳየትን መብት ለሥራው ባለቤት ነው የሰጠው፣ አላስከፈልንም ማለት ብቻውን አያድንም። ዲቪዲ ገዛሁ ማለትም ቤትህ እየው ማለት ነው። የሩስያው ስቱዲዮ ሞስፊልም የሶላሪስንና የስታልከርን ፊልም በራሱ ዩቲዩብ ላይ አስቀምጧል፣ ለራሳችሁ አይታችሁ ለመምረጥ እሱ ግሩም ነው። አዳራሽ ለማሳየት ግን ጻፉላቸው። ኢሜይል ነው፣ ብር አይጠይቅም። የትንንሾቹን ፊልሞች ባለቤቶች በተለይ አትፍሯቸው፤ ደሴ የምትባል ከተማ ውስጥ ፊልማቸውን ማየት የሚፈልግ ሰው አለ ሲባሉ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። እምቢ ካሉም ሌላ ፊልም አለ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ አሁን የልጅ ልጅ አይቻለሁ። በወጣትነቴ ሲኒማ እገባ ነበር። አንዳንዱ ፊልም ሁሉ ነገሩ ቀይ ነበር፤ ሰማዩም ቀይ፣ ሰውም ቀይ። ዓይኔ ነው? ከላይ በቀኝ ጥግ ደግሞ ክብ ነጥብ ብልጭ ትል ነበር። ለማንም ነግሬ አላመነኝም። (ከደሴ)

መልስ፦ እትዬ፣ ዓይንዎ ጤነኛ ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ የታተሙ የቀለም ኮፒዎች ብዙዎቹ ቀለማቸው አይቆይም ነበር። ቀድሞ የሚሞተው ሰማያዊ አረንጓዴው ነው፣ ከዚያ የሚቀረው ቀዩ ነው። የሚቆይ ቀለም የመጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። እርስዎ ያዩት የደከመ ኮፒ ነበር፤ አንድ ሰው በወጣትነቱ ያየውን ቀይ ሰማይ ዛሬ ፋይሉ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ሲያገኘው «ይሄ ሌላ ፊልም ነው» ቢል አልፈርድበትም።

ነጥቧም እውነት ናት። አንድ ፊልም በአንድ ጥቅል አያልቅም፤ አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ይቆማል። የመጀመሪያዋ ነጥብ ስትመጣ ጥቅሉ ሊያልቅ ስምንት ሰከንድ ያህል ቀርቷል፤ የማሽን ክፍሉ ሰውዬ ሁለተኛውን ሞተር ያስነሳል። ሁለተኛዋ ነጥብ ስትመጣ ይቀይራል። ደህና ሰው ከሆነ አዳራሹ ምንም አያውቅም። እርስዎ ግን አውቀው ነበር። ፋይል ላይ ያቺ ነጥብ የለችም።

የሸዋ በሮቹ ልጆች ደብዳቤ ከላይ አለ፣ አንብበውታል ብዬ ነው። ከፊልሙ በፊት አሥር ደቂቃ ስለ ነጥቧና ስለ ቀዩ ሰማይ ቢነግሯቸው ከእኔ መልስ ይበልጥባቸዋል። እኔ ነግሬያቸዋለሁ፣ ፊት ለፊት ወንበር ይይዙልዎታል። እሁድ 7 ሰዓት ነው። ነጠላዎን ደርበው ይምጡ፣ አዳራሹ ይበርዳል። ሱፉን ግን በር ላይ ይሰበስቡብዎታል፣ እንዳይቀየሙን።